በሐጂ መብራት ሥር የበራው ብር

ደብረ ታቦር ገበያ መግቢያ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ፣ የሐሰት ብር የሚለዩባት ትንሽ ሐምራዊ መብራት ነበረቻቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የቤተ ሙከራችን እንዲህ ያለ መብራት አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ «ይገዛል» እያሉ ዓመት አስቆጠሩኝ፣ ከግዢ ክፍል ጋር ስንት ጊዜ ተጣላሁ። መጨረሻ ላይ ብልቃጦቼን በኪሴ ይዤ ወደ ሐጂ ሱቅ መመላለስ ጀመርሁ።

«መምህር፣ ዛሬም የከረመ ዓሣ ይዘህ መጣህ?» ይሉኛል። ከሁለቱ ብልቃጦች አንዱ እውነትም ይከረፋል። በአንደኛው መዳብና አዮዲን ሟሙተዋል፤ የሚከረፋው ደግሞ መዳቡን የሚይዘው ፈሳሽ ነው። ለየብቻቸው መብራቱ ሥር ቢያኖሯቸው ምንም አያሳዩም። ጠብታዎቹ ከተገናኙ ግን፣ ማንም ሳያሰልፋቸው፣ መዳቡና አዮዲኑ አራት አራት ሆነው እንደ ትንሽ ሳጥን ይገጣጠማሉ፤ የሚከረፋውም በየማዕዘኑ ገብቶ ያጸናቸዋል። በቀን ብርሃን ሲያዩት ነጭ ዱቄት ነው። ከመብራቱ ሥር ግን እንደ ፍም ይበራል። ያን ባየሁ ቁጥር ደስታ ይሞላኛል፤ የማልቆጣበት ብቸኛ ሰዓቴ ነው። ሐጂ አንድም ቀን ጎንበስ ብለው አላዩልኝም። «ብር ልለይባት የገዛኋትን የዱቄት መጫወቻ አደረግሃት» ብለው ወደ ደንበኛቸው ይዞራሉ።

በዚያ የገበያ ቀን ጧት ሙከራዬን ጨርሼ፣ ባንኮኒውን በእጅጌዬ ጠረግሁና ማዶ ቁርስ ቤት ገባሁ። ፉሌን ሳልጨርስ ጩኸት ሰማሁ።

ስወጣ ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ባላገር ወድቆ ይደበደባል። ከጉና በኩል በግ ሊሸጥ የመጣ ጎልማሳ ነው። ዱላውን ነጥቀው በገዛ ዱላው ነበር የሚመቱት። አንዱ በጫማው ጎኑን ይለዋል፣ ሌላው ጋቢውን አንገቱ ላይ ጠምዝዞ ይጎትታል። «ሌባ፣ የሐሰት ብር ይዞ ገበያ ይወጣል» ይላሉ። ማንም አልጠራቸውም፤ ጫኙም፣ የሚኒባስ ረዳቱም፣ ሽንኩርት ሻጩም ከያሉበት መጥተው ገጠሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እንዲህም እንደሚሠራ ያን ቀን ገባኝ።

«ኧረ ወገን፣ የበጌ ዋጋ ነው፤ በወላዲቷ» ይላል ሰውዬው። ራሱን ሊከልል ክንዱን ሲያነሳ ዱላው አረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ።

ሐጂ በሩ ላይ ቆመዋል። «ብሩ አላማረኝም ብቻ ነው ያልሁት» አሉኝ። «አንዱ ሰማና ጎትቶ አወጣው። ይገድሉታል፣ መምህር።»

ገብቼ ሳይ ባላገሩ የከፈለው ሁለት መቶ ብር መብራቱ ሥር እንደተዘረጋ ነው። ጫፉ ላይ፣ ደህና ብር በማይበራበት ቦታ፣ ፍም የመሰለ ነጥብ ይበራል። አንስቼ አሸተትሁት፤ ከረፋኝ። ጠብታዎቹ የእኔ ነበሩ። ጠረግሁት ባልሁት ባንኮኒ ላይ ተገናኝተው፣ ሰውዬው ሳያውቅ ብሩን ከላያቸው አኑሮታል።

ሮጬ መሃላቸው ገባሁ። መዳቡን፣ አዮዲኑን፣ ሳጥኑን በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። ሊሞት በደረሰ ሰው ራስጌ ቆሜ ስለ ሞለኪውል የሰበክሁ ሞኝ እኔ ነኝ። አንዱ በክርኑ ደረቴን ደቃኝና «ወዲያ በል» አለኝ። ያኔ ደሜ ፈላ። ዱላውን የያዘውን ጎረምሳ ማጅራቱን ጨምድጄ ወደ ሱቁ ጎተትሁት። በቡጢ ራሴን ይነርተኛል፤ አልለቀቅሁትም።

«ከራስህ ኪስ ብር አውጣ» አልሁት።

ሐጂም «አውጣ ልጄ» ሲሉት አወጣ። ከሁለቱም ብልቃጦች አንዳንድ ጠብታ አንጠባጥቤበት መብራቱ ሥር ገፋሁት። ቀስ ብሎ እንደ ባላገሩ ብር በራ።

«እንግዲህ አንተም ሌባ ነህ» አልሁት።

ብሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ተጣራ። «ኑ፣ ብሩን የሚያበላሸው ይሄ ነው።»

የቀጠለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ብልቃጦቼ ሲሰባበሩና ክርፋቱ ሱቁን ሲሞላው አስታውሳለሁ። በፀጉሬ ጎትተው ደጃፉ ላይ ጣሉኝ፤ አንዱ ጆሮዬን ረገጠኝ፣ ሌላው ጀርባዬን። ሐጂ «ተው፣ በአላህ» እያሉ ሊከልሉኝ ሲሞክሩ ሲገፈትሯቸው ሰማሁ። መሞቴ ነው ብዬ ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ድንገት ምቱ ቆመ። ባላገሩ ሰዉን እየገፋ መጥቶ ነበር። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ የተሰበረ ክንዱን በጋቢው አቅፎታል።

«ብሬ ላይ ያፈሰስህብኝ አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

በደህና እጁ ድንጋይ አንስቶ አፌን አለኝ። ሁለት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ። «ጨምርለት፣ እጅህ ይባረክ» አለው አንዱ፤ ቅድም ጎኑን በጫማ ሲለው የነበረው ነው። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ቦታ ለቀቁለት።

ባላገሩ ድንጋዩን ጣለ። ወደ እነሱ ዞሮ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ።

«እሱስ ውኃውን ብሬ ላይ አፈሰሰ» አላቸው። «እናንተ ምን ፈሶባችሁ ነው?»