የጎደሉት ሁለት ኮከቦች

ጻፊ እንጂ ማሚቱዬ፣ የአያትሽ ታሪክ ምን ያስቅሻል! በኢህአዴግ ጊዜ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቴ አንድ ፈረንጅ ከአስጎብኚ ጋር መጣ። የድሮ የአሜሪካ ባንዲራ ነው የሚሰበስበው። እኔ ደግሞ አባቴ አሜሪካኖች ቤት ዘበኛ ሳሉ የተሰጣቸውን ባንዲራ ቴሌቪዥኔን አልብሼበት ነበር። ኮከቡን በጣቱ ቆጠረና አርባ ስምንት ሲሆንበት እንባው መጣ። "ነገ ባንዲራውን ሊገዛ ይመጣል" ሲለኝ አስጎብኚው፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዬን በሐሳቤ ቆርቆሮ አለበስኩት።

ልጄን ብጠይቃት "የአሜሪካ ኮከብ ሃምሳ ነው" አለችኝ። ወይ ጉድ፣ ለካ ጎድሎበት ነው ያለቀሰው! ከነጠላዬ ቀድጄ ሁለት ሰፋሁለት።

በማግስቱ "ቁጠር፣ ሞልቶልሃል!" አልኩት በኩራት። ቆጥሮ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ዱብ አለ።

"እትዬ፣ ሃምሳውማ የአሁኑ ነው" አለኝ አስጎብኚው። "የድሮው አርባ ስምንት ነበር፤ እሱን ነው የፈለገው።"

"ታዲያ ትናንት ምን አስለቀሰው?"

"ደስታ ነዋ፣ እትዬ!"