የሳጅን ሂንክል መርከብ መርዶ

እስቲ ይህን ሰውዬ እዩት። ግራንድ ፕሬሪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ የአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት በር ላይ ቆሟል። እንየው ይባላል። ከኋላው ሚስቱ ዓለምሸት ንፍሮ ይዛለች፤ አጠገቧ ሽማግሌው ጋሽ አየለ አሉ። ሊያረዱ ነው የመጡት። የሞተ ሰው ግን የለም። የጠፋችው መርከብ ናት።

እንየው ዛሬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። በፊት «ሳጅን ሂንክል» የምትባል የጦር ዕቃ ጫኝ መርከብ ሞተር ክፍል ይሠራ ነበር። የአሜሪካን አየር ኃይል ቦምብ በሆዷ ይዛ፣ ጦርነት ቢነሣ ቀድማ እንድትደርስ፣ ሩቅ ባሕር ላይ ዓመታት የቆመች መርከብ ናት። የተሰየመችው ከሚነድ አውሮፕላን ጓደኞቹን አውጥቶ እሱ እዚያው በቀረ የአየር ኃይል ሰው ስም ነው። የመርከቧ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ፊቱ የተቀረጸበት ነሐስ ነበር።

የሳጅኑ እህት ሚስ ዶርቲ መርከቧን ሊጎበኙ መጥተው ነው ከእንየው የተዋወቁት። «መርከቧ ጡረታ ስትወጣ ቀድመህ ንገረኝ» አሉት። «ያን ነሐስ እለምናቸዋለሁ። ከሱ ሌላ የምዳብሰው የለኝም፤ አስከሬኑ አልተገኘም።»

ዘንድሮ የድሮ ባልደረባው ተስፋ ደወለ። «ሂንክልን ሊቆራርጧት እየጎተቷት ነው።»

እንየው ለሚስ ዶርቲ ሊደውል ሲል ዓለምሸት ስልኩን ነጠቀችው።

«በስልክ ልታረዳቸው? የአሜሪካን ልብ ብረት መሰለህ እንዴ? ብቻቸውን ናቸው።»

«ሶ፣ ምን ላድርግ?»

«ፋሲካቸው ይለፍ። ሽማግሌ ይዘን በወጉ እንሄዳለን።»

ፋሲካው አለፈ። ከዚያ የልደት ቀናቸው ይለፍ ተባለ። ሴትዮዋ በደወሉ ቁጥር እንየው «ደህና ናት» ይላል። ይሄ ደግነት ነው ይባላል። ምኑ ነው ደግነቱ?

ጋሽ አየለ እንኳ መኪና ውስጥ «መርከብ አርድቼ አላውቅም እኮ» ብለው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሚስ ዶርቲ ጥቁሩን ልብስ አይተው ነጡ። «ማን ሞተ?»

ጋሽ አየለ «ይጽኑ፣ እመቤቴ» አሉ። እንየው ተረጎመና የመርከቧን ነገር ተናገረ።

ሚስ ዶርቲ አላለቀሱም። «መቼ ሰማህ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«ያኔ ነሐሱ ነበረ?»

«ነበረ።»

«አሁንስ?»

እንየው መሬት መሬት አየ። «ከብረቱ ጋር ቀልጧል፣ እማማ።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ይዘው ቀስ ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «አንድ ስልክ ብቻ ነበር የለመንኩህ።»

ዓለምሸት ንፍሮውን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

እናንተም «ቆይ፣ ይሄ ይለፍ» እያላችሁ ከባለቤቱ የደበቃችሁት ወሬ ካለ፣ እባካችሁ ሱፍ አትፈልጉ፣ ሽማግሌ አትሰብስቡ። ሰውየው ገና አንድ ነገር ማድረግ ሲችል፣ አሁኑኑ ደውሉለት።