ባሕር የሌላት ብራይተን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆም አልኩ። የምፈልገው ለልጄ መዝገበ ቃላት ነበር። ከክምሩ መሀል የእንግሊዝ ከተሞችን የሚያሳይ ባለሥዕል መጽሐፍ አገኘሁና ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ብራይተን ብቅ አለች። ነጫጭ ሕንፃዎቿ፣ ጠጠራም ዳርቻዋ፣ ከየብስ ተነሥቶ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ረጅም የመዝናኛ ድልድይዋ። ሻጩ ፊቴን አይቶ መሆን አለበት፣ «ኖረህባታል እንዴ?» አለኝ። «ኧረ እኔ የት አባቴ፤ አንብቤያት ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ብራይተንን አብጠርጥሬ ያወቅኋት ግን እውነትም ሪያድ ቁጭ ብዬ ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። መላዝ በሚባለው ሰፈር ባባ ሳልህ የሚባሉ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ስኳር ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት፣ ክንዳቸውን ይዤ ጥጉ ላይ ያለው መስጊድ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው። ከመስጊዱ ወዲያ ግን አልሻገርም። ወረቀት የሌለው ሐበሻ ከየመንገዱ የሚለቀምበት ዘመን ነበር፤ እኔ ደግሞ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ በሰው እጅ እንጂ በእጄ ይዤው አላውቅም። ስለዚህ ያን ትልቅ ከተማ የማውቀው ከግቢው ግንብ በላይ በሚታየው ሰማይ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ባባ ሳልህ በወጣትነታቸው እንግሊዝኛ ሊማሩ ብራይተን ሄደው አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። ከዚያ ያመጧት፣ ጀርባዋ በፕላስተር የተጠጋገነ የከተማዋ መምሪያ መጽሐፍ ነበረቻቸው። ልጆቻቸው ሥራ ላይ፣ የልጅ ልጆቻቸው ስልክ ላይ ናቸው፤ የሚያነብላቸው የለም። እኔ ኮምቦልቻ የእንግሊዝኛ መምህርነት ጀምሬ ማቋረጤን የሰሙ ዕለት መጽሐፏን ጭኔ ላይ አስቀመጧት። «ያላ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀምር» አሉኝ።

ብርዳማው የሪያድ ክረምት ፀሐይዋ የምትወደድበት ወቅት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አነጥፍና ተምሩንና ናዕናዕ የሚሉት ቅጠል ያለበትን ሻይ አቅርቤ አነባለሁ። ከተማዋ መጀመሪያ የዓሣ አጥማጆች መንደር እንደነበረች፣ አንድ ልዑል መጥቶ ከውጭ ሲያዩት የሕንድ፣ ውስጡ ሲገቡ የቻይና የሚመስል ቤተ መንግሥት እንደሠራባት፣ ባቡር ሲገባ ደግሞ የለንደን ሠራተኛ ሁሉ በእረፍት ቀኑ እንደጎረፈባት። ጌጣጌጥ የሚሸጥባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ስንደርስ እጃቸውን ያነሡና «ቆይ፣ እዚህ ጋ አትሩጥ» ይሉኛል። አከራያቸው የነበሩት አሮጊት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኮምጣጤው አፍንጫ ላይ ሲወጣ፣ ሁሉም ይመጣባቸዋል። የማያይ ዓይናቸው እንዲያ ሲፈካ አይቼ ቀናሁ። እኔ የሚናፍቀኝን አገር ጮክ ብዬ ልጠራው እንኳ አልደፍርም ነበር።

ታዲያ እያነበብኩ አንድ ክፉ ነገር እሠራ ነበር። ባሕር የሚል ቃል ሲመጣ ገጹን እዘላለሁ።

ሳዑዲ የገባሁት እስከ የመን በጀልባ፣ ከዚያ በእግር ነው። የወጣነው ከእንድሪስ ጋር ነበር፤ ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ። ወደ የመን ዳርቻ ስንቃረብ ደላሎቹ ጀልባዋ ከዚህ ወዲያ አትጠጋም፣ ዝለሉ አሉን። ሁለታችንም ዋና አንችልም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለልን። ማዕበል መጣ፣ እጁ ከእጄ ወጣ። እኔን ማዕበሉ ዳር ጣለኝ፤ እሱን አልመለሰውም።

ይህን ለእናቱ ለእትዬ ዘሃራ አልነገርኳቸውም። በየዓርቡ ስደውልላቸው «ግመል ይጠብቃል፤ በረሃው ስልክ አይሠራበትም» እላቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ግመል አስጠበቅሁ። ስናገረው አልንተባተብም። በሚቀጥለው ዓርብ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ ዓርብ ሲደርስ ግመሎቹን አበዛቸዋለሁ።

አንድ ቀን ባባ ሳልህ ሻያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህችን ከተማ አዞርኸኝ» አሉ። «ባሕሩን ማን ጠጣው?»

መጽሐፏን በቃላቸው ያውቋት ኖሯል። ለማመካኘት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያ ሁሉ ነገር ነበር፤ ጀልባው፣ እጁ፣ ግመሎቹ። አልተቆጡም። በዳበሳ ጉልበቴን ፈልገው እጃቸውን አሳረፉበት።

«እናቱ ምን ትላለች?»

«ለአረፋ ይመጣ እንደሆነ ጠይቅልኝ ይላሉ።»

«እኔን ብታታልለኝ ጉዳዩ የመጽሐፍ ነው» አሉ። «እሷ ግን በር በሩን እያየች ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን የዘለልከውን አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ጥንት አንድ ሐኪም የባሕር ውኃ በሽታ ያድናል ብሎ ጻፈ፤ ሕመምተኛው መጥቶ ይነከርበታል፣ ይጠጣዋልም። እኔ ጠጥቼዋለሁ፤ ምኑን እንዳዳነኝ አላህ ይወቀው። ቀጥሎ፣ ዋና የማይችሉ ሰዎችን በብርቱ ክንዳቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ ውኃው ውስጥ ነከር አድርገው የሚያወጡ ሴቶች ነበሩ ይላል። ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው። እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ሰውን ከባሕር ይዞ ማውጣት መተዳደሪያ የሆነበት አገር ነበረ ለካ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ባባ ሳልህ እስክጨርስ ጠበቁኝና የቀረውን ገጽ አስነበቡኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ደወልኩ። «እትዬ፣ እንድሪስ ግመል አይጠብቅም» ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ኢናሊላሂ» አሉ። እርግማናቸውን ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው «ውኃው ይቀዘቅዝ ነበር?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«ልጄ ብርድ አይችልም።»

«አይቀዘቅዝም ነበር። ሞቅ ያለ ነው።»

ይኼ እንኳ እውነት ነበር። አልሐምዱሊላህ አሉና ቀጥለው «አሁንማ አንተም መደወልህን ትተወዋለህ» አሉ። አልተውም አልኩ።

ባባ ሳልህ በዓመቱ አረፉ፤ እኔም ለፖሊስ እጄን ሰጥቼ ወደ አገሬ ተመለስኩ። እውነቱን ለእትዬ ከተናገርኩ የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር። አልቀለለኝም። የሸሸሁት ናፍቆት ገና ያኔ ጀመረኝ፤ ሰውን በሕይወት እንዳለ እያስመሰሉ መናፈቅ አይቻልም ነበርና።

አሁን ዓርብ ዓርብ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ቤታቸው ሩቅ አይደለም። እትዬ ዘሃራ አርጅተዋል። ምግብ አቅርበው አጠገቤ ይቀመጡና እየበላሁ ትክ ብለው ያዩኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል። ባለፈው እጃቸውን ሰደው ሽበቴን ነካ ነካ አደረጉና «እሱም ይሄኔ ያወጣ ነበር» አሉ።