ዝም ያለው ጥርስ

የጥርስ ሐኪሟ ክፍል ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ዓይኔን ብጨፍን የልጅነቴ መተማ ገባሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰሊጥ ይታጨዳል። አባቴ የዕጣን ዛፍ ሙጫ በጣቶቹ አለስልሶ፣ ከተወቀጠ ቅርንፉድ ጋር ለውሶ የተቦረቦረ መንጋጋዬን ደፈነልኝ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ፣ "አየሽ? ዝም ካለ ደኅና ነው" አላት።

ታላቅ ወንድሜ ከዘመተ ወዲህ ይልከው የነበረው ደብዳቤ ተቋርጦ ነበር።

"እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው" አለች።

ስለ ጥርሴ መስሎኝ አፌን ከፍቼ አሳየኋት። ደብዳቤው ከዚያም ወዲያ አልመጣም።

ሐኪሟ ሌላኛውን መንጋጋዬን በትንሽ መስተዋት እያየች፣ "ሕመሙ መቼ ተወዎት?" አለችኝ።

"ቆየ።"

"እያመመዎት ቢመጡ እሞላው ነበር። ዝም ያለው ሥሩ ሞቶ ነው።"

አፌን እንደከፈትኩ እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሏት እጇን ሰበሰበች።