ለሰም የገዛሁት አረቄ

ባለፈው ሳምንት መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶ ስጠጣ ተስፋይ ገባ። ሸብቷል። «ከመይ ኣለኺ ዘይነባ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ስኒዬን ይዤ ወንበር ቀየርኩ። የታዘበኝ ይታዘበኝ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያኔ በወጣትነቴ ከወሎ መጥቼ መቐለ ቅመም ነጋዴው አጎቴ ቤት ነበርኩ። እኔና ተስፋይ ኬሚስትሪ ተምረን አንድ ቤተ ሙከራ ተቀጠርን። ስኳር ፋብሪካ የአገዳውን ጭማቂ ሲያጣራ የሚጥለው ጥቁር ጭቃ አለ። ውስጡ ለከንፈር ቅባት፣ ለጫማ ቀለም የሚሆን ደህና ሰም ይገኛል። ሌላው ሰው በነዳጅ ውጤት ያወጣዋል፤ መርዙ ለሠራተኛውም ለወንዙም ይተርፋል። እኔ ጭቃውን በትኩስ አልኮል ዘፈዘፍኩት፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ለብቻው ረጋ። የቤተ ሙከራው አልኮል ሲያልቅ ከሰፈር አረቄ መግዛት ጀመርኩ።

እስቲ አስቡት፣ ሻሽ የጠመጠመች የእስላም ልጅ አረቄ ተሸክማ! በክረምቱ ጭቃ፣ በለስ ሻጮቹ ሳይወጡ፣ ጀሪካኑን በነጠላ ሸፍኜ እመለስ ነበር። ወላሂ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም።

ተስፋይ ግን አጎቴ ሱቅ ሄዶ «ልጅቷ መጠጥ ጀምራለች» አለው። አጎቴ ከሥራ አስቀረኝ። ሰላምታ የነሱኝ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ማን ያገባታል ተባለ። ተስፋይ ደግሞ ሥራዬን የራሱ አድርጎ ሰሙን የሚገዙ ሰዎች ጠራ።

አንድ ነገር ግን አያውቅም ነበር። አረቄ ውሃ ይበዛዋል፤ እሱ አርፍዶ እስኪገባ እኔ ደጋግሜ አፍልቼ፣ እንፋሎቱን ሰብስቤ አጠነክረው ነበር። እሱ ከጀሪካኑ እንዳለ ገለበጠው። በእንግዶቹ ፊት አረቄ አረቄ የሚሸት ጭቃ ብቻ ቀረ! ሰም የለ፣ ምን የለ።

በማግስቱ አጎቴን ወደማግዝበት ሱቅ መጣ።

«ሓፍተይ፣ እህት ዓለም፣ ምን ጎደለ? ሊያባርሩኝ ነው።»

«መጀመሪያ አረቄው ለምን እንደነበር ለአጎቴ ንገረው።»

አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። አጎቴ በርበሬው መሃል ቆሞ አለቀሰ።

«በይ እንግዲህ ንገሪኝ» አለ ተስፋይ።

«እንግዲህማ ሂድ።»

ከሥራው ተባረረ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሰይ!

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስሰግድ ለበደሉኝ ሁሉ ምሕረት እለምናለሁ። እሱ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። አላህን እንዴት ልዋሸው?