የብቻዬ ሳህን

የጤና ጣቢያው ሚዛን ጥግ ደርሶ ቆመ። ነርሷ አፈረችልኝ፤ እኔ ግን ሱቄ ተመልሼ ማሽላ የምመዝንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። አንድ ኩንታሉን በሠላሳ ስምንት ኪሎ በልጬው አረፍኩ! ጉልበቴ አልቋል፣ ስኳሬ በመድኃኒት አልወርድ ብሏል። ጨጓራ ስለሚያሳንሰው ኦፕራሲዮን ስሰማ ከከሚሴ አዲስ አበባ ለመሄድ አላንገራገርኩም።

ሐኪሙ ግን ቢላዋ ይዞ አልጠበቀኝም። "በቀን ስንት እንጀራ ይበላሉ?" አለኝ።

"ወላሂ እንጃ።"

ዕድሜዬን ሙሉ እህል ስመዝን ኖሬ የራሴን ጉሮሮ አላውቅም። እኛ ቤት እናቴም እኅቶቼም እኔም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ማን ምን ያህል አነሳ ተብሎ አይታይም። ጠገብኩ ብል እንኳ እናቴ "ብዪ ልጄ" እያለች በእጇ ታጎርሰኛለች። ይህንኑ ነገርኩት።

"ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሆድዎ የሚይዘው ጥቂት ጉርሻ ነው። ቫይታሚንና ክትትል ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው" አለ። "ደም መፍሰስ አለ፣ የተሰፋው ሊለቅ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ሰው ይሞታል። ሦስት ወር በራስዎ ሳህን እየበሉ፣ የበሉትን ጽፈው ይምጡ። ካልቻሉ ይህ ለእርስዎ አይሆንም።"

ሳህኔን ይዤ የተቀመጥኩ ቀን እናቴ እጇን ከትሪው ሰበሰበች። እኛ ጋ ማዕድ የሚለይ የተጣላ ሰው ነው። "ማል ታቴ? ምን ሆነሻል ልጄ? ምን አድርጌሽ ነው?" ብላ አለቀሰች። ሳህኔን ግን አልመለስኩም። ሠርግም ዱዓም ይዤው ሄድኩ። ኮራች ያለኝ ይበል! ሁለት ቀን ተሸንፌ ከትሪው በላሁ፤ እሱንም ጻፍኩ።

በሦስተኛው ወር ሐኪሙ ደብተሬን አገላብጦ አነበበ። ልቤንም ደሜንም አስመረመረና "አሁን ለእርስዎ ይሆናል" አለኝ።

ለእናቴ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ሞት ሊኖርበት እንደሚችልም ጭምር።

"ያ አላህ! ደህና ሆድ ይቀደዳል እንዴ? ብትሞችብኝስ?"

ተናደድኩ። "እማ፣ አባዬን ማን ቀደደው? በዚሁ ስኳር አይደል እግሩ ተቆርጦ፣ ዓይኑ ጠፍቶ የሞተው? እኔ እንደሱ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።"

እናቴ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና "መቼ ነው የምንሄደው?" አለችኝ።