ባዶ መጋዘን ውስጥ ያጨበጨብኩት

አልትራ ዋይድባንድ የሚባል የሬዲዮ ተቀባይ እንድነድፍ ተቀጥሬ የመጀመሪያ ቀኔን የዋልኩት ኮኪት ከተማ፣ ባዶ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሳጨበጭብ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ሐጂ አደም በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠራው?» አሉኝ።

«ማንንም አልጠራም ሐጂ። ድምፁ ከቆርቆሮው ስንቴ እንደሚመለስ እያዳመጥኩ ነው።»

ሥራችንን አስረዳኋቸው። ትራክተሩ ላይ የሚገጠመው አስተላላፊ እጅግ አጫጭር የሬዲዮ ምቶችን ይልካል። ጫኞቹ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ተቀባይ በቀጥታ የመጣውን ምት ከግድግዳ ነጥሮ ከመጣው ለይቶ ርቀቱን ያሰላል፤ ትራክተር ሲቀርብ ይጮኻል። ይህ የሚነጥረው ምት፣ የሬዲዮው የገደል ማሚቶ፣ በተለወጠ ቁጥር ግን ተቀባዩ መጋዘኑን እንደ አዲስ መማር አለበት። መማር ደግሞ ባትሪ ይበላል።

አለቃዬ፣ «ባትሪው መኸሩን ካልጨረሰ፣ ኮኪት ድረስ እየሄደ የሚቀይረው ማነው?» ብሎኝ ነበር። እኔም አጉል ብልጠት መጣልኝ፤ ጠዋት ሲበራ አንዴ ይማር፣ ቀኑን በዚያው ይዋል አልኩ። ባዶው መጋዘን ውስጥ ስንሞክረው አንዴም አልሳተም።

ሐጂ ግን፣ «ኅዳር ላይ መጥተህ አጨብጭብ። ጠዋት ያየኸውን መጋዘን ከሰዓት አታገኘውም» አሉኝ። ሳቅኩ። ሪፖርቴን ጽፌ ጎንደር ገባሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ኅዳር ላይ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደረደረ። ጫኞቹ መኪና በመጣ ቁጥር ድርድሩን አፍርሰው ሌላ ጥግ ይሠሩታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትራክተር ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ፣ አላምር የሚባል ከጎጃም የመጣ ጫኝ በተሳቢውና በጆንያው መሀል ነበር። ተቀባዩ ጠዋት የተማረውን መጋዘን ይዞ ሳይጮኽ ቀረ። የአላምር ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ወዲያው ተቀባዩ በየሰከንዱ እንዲማር አደረግኩት። ባትሪው በሳምንት ያልቅ ነበር፤ ሐጂ ራሳቸው እየቀየሩ መኸሩን ጨረሱት። ለካ ይሄን ያህል ቀላል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ አላምር እጄን ያዘኝ። «ኢንጂነር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጮኾ ነው እኔ ያልሰማሁት?»

«አልጮኸም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እኔ እኮ ለእናቴ ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ መልእክት ልኬላታለሁ» አለ።

ተቀባይ የሚሞከረው ጆንያው ሞልቶ፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ ነው። እኔ የሞከርኩት በሐምሌ ነው።